ስለ ነሐሴ 3 ለምን ዝም ተባለ?

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ሳምንት አሜሪካ ጃፓን ላይ የአቶሚክ ቦምብ መጣሏ ትክክል ነበር የሚል ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ጸሐፊው ነገሩን በአጭሩ ቋጭተውታል። ቦምቡ ጦርነቱን አስቆመ፣ ሊያልቅ የነበረውን ሕዝብ አተረፈ፣ በቃ። ነሐሴ 3 ቀን ናጋሳኪ ላይ ስለ ወደቀው ሁለተኛ ቦምብ ግን ለብቻው የተባለ ነገር የለም። ጋዜጣውን ቡና ይዤ ነበር የጀመርኩት። ጨርሼ ቀና ስል ቡናው በርዷል።

እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለካይዘን፣ ማለትም ለጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ፣ ስልጠና ጃፓን ሄጄ ነበር። ኦሳካ ነበርን። አንድ ቅዳሜ የስልጠና ጓደኞቼ ዕቃ ሊገዙ ሲወጡ እኔ ባቡር ተሳፍሬ ሂሮሺማ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው መንገዱ። ሙዚየሙ ውስጥ ብዙ ነገር አለ፤ የተቃጠለ ልብስ፣ የቀለጠ ጠርሙስ፣ የቆመ ሰዓት። እኔን ያቆመኝ ግን አንድ ምሳ ዕቃ ነው።

እኛ ቤት እንዳለው ዓይነት ተራ ምሳ ዕቃ ነው። ክዳኑ ተጣሟል። ውስጡ ያለው ምግብ ከሰል ሆኗል። ባለቤቱ የአንደኛ ዓመት የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት እሱና ጓደኞቹ የተሰለፉት ለትምህርት አይደለም። ከተማዋ በአየር ብትደበደብ እሳቱ እንዳይዛመት ቤት እያፈረሱ ክፍት መንገድ እንዲያበጁ ታዘው ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች በዚህ ሥራ ላይ እያሉ ሞተዋል። እናቱ አስከሬኑን ስታገኘው ምሳ ዕቃው ከሥሩ ነበር። ሳይበላው ነው የሞተው። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ነበር፤ ምሳ ገና ነው።

ቀኑ ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። (ቀኖቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ለማስታወስ ይቀለናል።) በማግስቱ እዚህ አገር የፍልሰታ ጾም ተያዘ። ይህን ልብ ብላችሁ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

የጸሐፊውንም ወገን ላንሣ። ቀላል ክርክር አይደለም። ኦኪናዋ ላይ ሦስት ወር ገደማ በፈጀ ውጊያ ከ12,000 በላይ አሜሪካውያን ሞተዋል። ከጃፓን ወታደርና ከደሴቷ ነዋሪ ያለቀው ደግሞ ከ100,000 እጅግ ይበልጣል። አንዲት ደሴት ይህን ከፈጀች ዋናው ምድር ሲገባ ምን ሊሆን ነው? የአሜሪካ ጦር ኪዩሹ በምትባለው የጃፓን ደቡባዊ ደሴት ላይ ሊያርፍ የተቆረጠለት ቀን ጥቅምት 22 ቀን 1938 ዓ.ም. ነበር። እስከዚያ ድረስ ደግሞ በቻይና፣ በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ በጃፓን ጦር ሥር ያለ ሕዝብ በየቀኑ ይሞት ነበር። ጃፓን በቻይናዋ ናንጂንግ ከተማ ላይ የሠራችውን ጭፍጨፋ የሚያውቅ ሰው ለእሷ እንባዬን አልጨርስም ቢል አይፈረድበትም። ሀገራችንም ብትሆን በ1935 ዓ.ም. ጃፓን ላይ ጦርነት አውጃለች። በወረቀት ጠላታችን ነበረች ማለት ነው።

ሌላም አለ። ሁለት ቦምብ ከወደቀ በኋላ እንኳ የጃፓን ጦር መሪዎች እሺ አላሉም። ጉዳዩን የያዙት ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስት ለሦስት ተከፈሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ናቸው የቆረጡት። እሳቸው ቆርጠውም ነሐሴ 8 ለ9 አጥቢያ የተወሰኑ መኮንኖች ቤተ መንግሥት ሰብረው ገቡ። በማግስቱ በሬዲዮ የሚለቀቀውን የንጉሠ ነገሥቱን ድምፅ ፈልገው ሊያጠፉ ነበር። አላገኙትም። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ነበር ሥራው። ስለዚህ "ሂሮሺማ ባይሆን ኖሮ ጦርነቱ ይራዘም ነበር" የሚለኝን ሰው ውሸታም አልለውም።

"ሚሊዮን ሰው ተረፈ" የምትለዋን ግን ቀስ ብለን እንያት። ጸሐፊው ሁለት ጊዜ ጠቅሰዋታል። የሚሊዮኗን ወሬ ሀገር ምድሩ እንዲያውቃት ያደረጉት የጦር ሚኒስትር የነበሩት ሄንሪ ስቲምሰን ናቸው፤ በ1939 ዓ.ም. መጽሔት ላይ በወጣ ጽሑፋቸው። ጦርነቱ ካለቀ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ማለት ነው። እሳቸውም ቢሆኑ የጻፉት ስለ አሜሪካ ጦር ሟችና ቁስለኛ ባንድ ላይ ነው እንጂ ስለ ሟች ብቻ አይደለም። ቦምቡ ከመጣሉ በፊት፣ ሰኔ 11 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ጦር ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ማርሻል ለፕሬዚዳንት ትሩማን የነገሯቸው ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት የሚደርሰው ጉዳት በፊሊፒንሷ ሉዞን ደሴት ላይ ከደረሰው አይበልጥም አሉ። ያ ቁስለኛውን ጨምሮ 31,000 ገደማ ነበር። 31,000 ሰው ትንሽ ነው እያልኩ አይደለም፤ አንድ ወርም ሙሉ ጦርነት አይደለም። ግን ሚሊዮን አይደለም።

ስቲምሰንን ካነሣን አይቀር፣ ኪዮቶን ከዒላማ ዝርዝር ያስወጧት እሳቸው ናቸው። ከተማዋን ቀድሞ ጎብኝተው ያውቋታል። የቤተ መቅደስ ከተማ ናት፣ ትቅር አሉ፤ ቀረች። ደግ አደረጉ። እኔ ግን ኦሳካ ሳለሁ ኪዮቶንም አይቻት ነበርና፣ አንድ ሰው ስላወቃት የተረፈች ከተማ ውስጥ መሄድ ደስ አይልም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር ሂሮሺማ፣ ሂሮሺማ ይላል። ናጋሳኪ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጠራችው፤ ያውም "ና" ተብላ ከሂሮሺማ ጋር ተለጥፋ። የአንዱ ምክንያት ለሌላው እንዲሆን ተደርጎ ማለት ነው። ይሆናል?

ካይዘን ላይ የሚያስተምሩን አንድ ነገር አለ። ማሽን ሲበላሽ "ለምን?" ብለህ አምስት ጊዜ ትጠይቃለህ። የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ ሽፋን ነው። እንሞክረው።

ናጋሳኪ ለምን ተመታች? ኮኩራ ስለተሸፈነች። የዚያ ቀን ዒላማ የኮኩራ ከተማ ነበረች። አውሮፕላኑ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ከደመናና ከጭስ በታች ያለውን ማየት አቃተው። ነዳጁ እያለቀ ነበር። ወደ ሁለተኛው ምርጫ ዞረ።

ለምን ነሐሴ 3 ሆነ? የተቆረጠው ቀን ነሐሴ 5 ነበር። የአየር ጠባይ ትንበያው መጥፎ ቀናት እየመጡ ነው ስላለ ቀኑ ወደዚህ ተሳበ። በዲፕሎማሲ አይደለም፤ ቶኪዮ እንቢ ስላለችም አይደለም። በደመና ነው።

የቶኪዮን መልስ ለምን አልጠበቁም? ትዕዛዙ ስለማይል። ሐምሌ 18 የወጣው የጽሑፍ ትዕዛዝ የመጀመሪያው ልዩ ቦምብ ከሐምሌ 27 ገደማ በኋላ አየሩ ሲፈቅድ ይጣል ይላል። ተጨማሪዎቹ ደግሞ ተዘጋጅተው እንዳለቁ ይጣሉ። የፖትስዳም መግለጫ፣ ማለትም "እጅ ስጡ" የሚለው ማስጠንቀቂያ፣ የወጣው ሐምሌ 19 ነው። ትዕዛዙ ማስጠንቀቂያውን በአንድ ቀን ቀድሞታል! ፕሬዚዳንቱ ሐሳባቸውን ቀይረው ካላስቆሙት በቀር ሥራው በራሱ ይሄዳል። የፋብሪካ ሰው ይህን ያውቀዋል። መስመሩ አንዴ ከተነሣ የሚያቆመው ሰው ነው የሚፈለገው።

አራተኛውንና አምስተኛውን "ለምን" አልጠየቅኩም። መልሱ አስቀድሞ ታየኝ።

በእነዚያ ሦስት ቀናት ቶኪዮ ውስጥ ምን እየተሠራ ነበር? በመጀመሪያ ሂሮሺማ ምን እንደ ነካት ራሱ አይታወቅም። ስልኩም ባቡሩም ተቆርጧል። ኒሺና ዮሺዮ የሚባሉ የፊዚክስ ሊቅ ተልከው ነሐሴ 2 ደረሱና የአቶሚክ ቦምብ መሆኑን አረጋገጡ። በዚያው ዕለት ሶቪየት ኅብረት ጦርነት አወጀች፤ ሌሊቱን በጃፓን ተይዛ ወደነበረችው ማንቹሪያ ገባች። ነሐሴ 3 ጠዋት ስድስቱ ሰዎች ቶኪዮ ውስጥ ተቀምጠው ስለ እጅ መስጠት እየተነጋገሩ ነበር። እዚያው ስብሰባ ላይ እያሉ ነው የናጋሳኪ ወሬ የደረሳቸው። ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ የወደቀው ቦምብ ሦስት ለሦስት የነበረውን አልለወጠውም። አንድም ሰው ወንበሩን አልቀየረም።

ታዲያ ናጋሳኪ ምን አስቆመች?

እነሆ ፍልሰታ። ቦምቡ የፈነዳው ኡራካሚ በሚባል ሰፈር ላይ ነው። ኡራካሚ የካቶሊኮች ሰፈር ነበር። አባቶቻቸው በስደት ዘመን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ እምነታቸውን ደብቀው የኖሩ ናቸው። እነሱ የእመቤታችንን ዕርገት የሚያከብሩት በእኛ ነሐሴ 9 ነው። በዓሉ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ነሐሴ 3 ጠዋት ሰዎች ንስሐ ሊገቡ ካቴድራሉ ውስጥ ነበሩ፤ ካህናቱ እያናዘዙ ነበር። ከውስጥ የወጣ የለም። ከ12,000 ገደማ የሰፈሩ ምእመናን 8,500 ያህሉ አለቁ። ከተማዋ በጠቅላላ እስከዚያ ዓመት ፈረንጅ ታኅሣሥ ድረስ ከ70,000 በላይ ሰው አጥታለች። ሂሮሺማ 140,000 ገደማ። ነሐሴ 9 ሲደርስ፣ የበዓሉ ዕለት፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሬዲዮ እጅ መስጠታቸውን ተናገሩ።

ትሩማን ራሳቸውስ? ነሐሴ 4 ቀን፣ ናጋሳኪ በተመታች ማግስት፣ ከእንግዲህ ያለ እኔ ፈቃድ አይጣልም ብለው አዘዙ። ሌላ 100,000 ሰው ማጥፋት እንደ ዘገነናቸው፣ ሕፃናቱ እንደሚያሳዝኗቸው ለካቢኔያቸው መናገራቸውን አንዱ ሚኒስትር በማስታወሻ ደብተሩ ጽፎታል። ይህ ትዕዛዝ ከሁለት ቀን በፊት ሊሰጥ ይችል ነበር። የሚከለክል ነገር አልነበረም። ሁለት ቀን ጠብቀው ጃፓን እንቢ ብትል ኖሮ፣ ቦምቡ እዚያው አውሮፕላኖቹ በሚነሡበት ቲኒያን ደሴት ላይ ነው፤ የትም አይሄድም።

"ጦርነቱን ለማሳጠር" የሚለው ቃል እኛ ጆሮ ላይ ለየት ብሎ ነው የሚሰማው። ሙሶሊኒ የጦር አዛዡን ዴ ቦኖን አንሥቶ ባዶሊዮን የላከው ጦርነቱ ቀስ አለብኝ ብሎ ነው። በ1928 ዓ.ም. ከታኅሣሥ ጀምሮ የመርዝ ጋዙ ከአውሮፕላን መርከፍከፍ ጀመረ። ጣሊያን በ1917 ዓ.ም. የጄኔቫው ስምምነት ላይ እንዲህ ያለ ጋዝ አልጠቀምም ብላ ፈርማ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ሲናገሩ አውሮፕላኖቹ ዘጠኝም፣ አሥራ አምስትም፣ አሥራ ስምንትም እየሆኑ እየተከታተሉ ያፈስሱት እንደ ነበር፣ ወታደሩን ብቻ ሳይሆን ሴቱንም ሕፃኑንም ከብቱንም ውኃውንም እንደ ጨረሰው ተናግረዋል። ጦርነቱም አጠረ፤ በሚያዝያ አዲስ አበባ ተያዘች። እንደ ጸሐፊው ሂሳብ ከሆነ ጋዙ ብዙ ሰው አትርፏል ልንል ነው?

ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ አውቃለሁ። ጣሊያን ወራሪ ነበረች፤ አሜሪካ ደግሞ ፐርል ሃርበር ላይ የተጠቃች ናት። ይህን ልዩነት የሚያጠፋ ሰው ያጭበረብራል። እኔ የምለው "አሳጠረ" የሚለው ቃል ለብቻው ምንም አያጸድቅም ነው። ሌላ ነገር ይጨመርበት። ለሂሮሺማ የሚጨመር ነገር እንዳለ ከላይ ጽፌያለሁ፤ እኔን ባያሳምነኝም ክርክር ነው። ለናጋሳኪ የሚጨመረውን ፈልጌ አጣሁት።

ስለዚህ ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ሂሮሺማን ለጊዜው ይተዉልኝ። ስለ ነሐሴ 3 ብቻ አንድ ጽሑፍ ይጻፉልን። "ቦምቦቹ" ሳይሉ፣ "ያ ቦምብ" ብለው። አነባለሁ፤ ካሳመኑኝም እዚሁ ገጽ ላይ ተሳስቼ ነበር ብዬ እጽፋለሁ።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹም አንዲት እርማት አለችኝ። ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶ፣ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጫፉ ላይ እንደ እንጉዳይ የተነፋው ጭስ፣ ከሥሩ "ሂሮሺማ" ይላል። እሱ ፎቶ የናጋሳኪ ነው። ብታስተካክሉት።

ከአክብሮት ጋር
የፈረቃ ኃላፊው አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ