ዋጋችንን ለምን እንዳልቀነስን

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

ሰሞኑን ስትደውሉልን ደጋግማችሁ የምታነሱት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ሌላ አጣቢ በግማሽ ዋጋ እሠራላችኋለሁ ብሎናል፤ እናንተ ለምን አትቀንሱም?» የሚል። ከጠየቃችሁን ብዙዎቻችሁ ለዓመታት አብራችሁን የቆያችሁ ናችሁ። ወደ ሌላ መሄድ ሳትፈልጉ፣ ግን ልዩነቱ ከብዷችሁ እንደጠየቃችሁ ይገባናል። በስልክ የሰጠናችሁ መልስ የጥድፊያ ስለነበር ቅር ያላችሁም አላችሁ። ስለዚህ ቁጭ ብለን፣ የሒሳብ ደብተራችንን ከፍተን ይህን ጻፍንላችሁ።

ለምንጣፍ እጥበት ከምትከፍሉን ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የሰው ጊዜ ነው። ሳሙናና ውሃ ያን ያህል አይፈጁም። የማሽኑ እርጅና አለ፣ የመኪናው ነዳጅ አለ፣ ድንገት ጉዳት ብናደርስ ለካሣ የምናስቀምጠው አለ፣ ተጠርተን ስንመለስ በነጻ የምንሠራውም አለ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሰዓቱ ነው። እናም በዚህ ሥራ ዋጋ በጣም ከወረደ የሚቀነሰው ሰዓት ነው፤ ሌላ የሚቀነስ ነገር እምብዛም የለም። የተቀነሰው ሰዓት ደግሞ ሥራውን ሲያስረክቧችሁ አይታይም። የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው።

ምንጣፍ ውስጥ ከተሸሸገው ቆሻሻ አብዛኛው ደረቅ ነው፤ አፈር፣ አሸዋ፣ ከሰውነት የሚረግፍ ቆዳ፣ ከልብስ የሚወጣ ብናኝ። ይህ ሁሉ ውሃ ሳይነካው በቫኪዩም መውጣት አለበት፤ ውሃ ካገኘው ጭቃ ይሆንና ወደ ሥሩ ይወርዳል። ቫኪዩሙን በዝግታ ወደፊትና ወደኋላ፣ ከዚያም አቅጣጫ ቀይሮ በአግድም ማስኬድ ያስፈልጋል። ሰፊ ክፍል ከሆነ ይህ ብቻ ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። አሸዋ ጠርዙ ስለታም ነው፤ በተረገጠ ቁጥር የምንጣፉን ጸጉር እየቧጨረ ይቆርጠዋል። ይህን ደረቅ ሥራ ዘሎ በቀጥታ ውሃ የሚረጭ ሰው ጊዜ ያተርፋል፣ ምንጣፉም ላይ ላዩን ያምርለታል፤ አሸዋው ግን እታች እንዳለ ነው።

ቀጥሎ ምንጣፉ ከምን እንደተሠራ ማወቅ አለብን። ጀርባው ላይ የተሰፋ ምልክት ካለ እሰየው፤ ከሌለ ከማይታይ ጥግ አንዲት ክር ነቅለን በእሳት እንፈትናለን። ሱፍ ሲቃጠል የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲታሽ ይደቃል። ሰው ሠራሽ ክር ይቀልጥና እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ይህን መለየት ለምን ያስፈልጋል ብትሉ፣ ሱፍ ፕሮቲን ነው፤ በረኪና ያሟሟዋል፣ ጠንካራ አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ የሆነ፣ ሳሙና ያሻክረዋል። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር በአንጻሩ ውሃ አይጠጣም፣ በረኪናም ብዙ አይጎዳውም፤ ቅባትን ግን አጥብቆ ይይዛል። የአሲድና የአልካላይን መለኪያ የሆነው ፒኤች ከ0 እስከ 14 ይቆጠራል፣ 7 መሐሉ፣ የንጹሕ ውሃም ቦታ ነው፤ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ አልካላይን ይባላል፤ በእያንዳንዱ ቁጥር ኃይሉ 10 እጥፍ ስለሚጨምር ፒኤቹ 10 የሆነ ሳሙና ከንጹሕ ውሃ 1,000 እጥፍ አልካላይን ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሳሙና ቅባት ለጠገበ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ይረዳል። ለሱፍ ግን ጉዳት ነው። ለሁለቱም አንድ ጀሪካን ይዞ የሚዞር አጣቢ አንዱን መበደሉ አይቀርም።

ቀለሙንም እንፈትናለን። ነጭ ጨርቅ አርጥበን፣ የምንጠቀምበትን ሳሙና ነክረን፣ ለጥቂት ደቂቃ ተጭነን እንይዘዋለን። አንድ ጊዜ ቀይ መደብና ነጭ ጠርዝ ያለው የሱፍ ምንጣፍ ላይ እንዲህ ስናደርግ ጨርቁ ሮዝ ሆኖ ተነሣ። እንደተለመደው በሙቅ ውሃ ብናጥበው ኖሮ ያ ነጭ ጠርዝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሮዝ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው ሰው አይገኝም። በቀዝቃዛ ውሃ፣ ለዘብ ባለ አሲዳማ ሳሙና፣ እርጥበቱን ቆጥበን አጠብነው፤ ጊዜውም እጥፍ ወሰደ። ደም፣ እንቁላልና ወተት የፈሰሰበትም እንዲሁ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚጀመረው፤ ሙቅ ውሃ ያረጋዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ እሱም ማለቅለቅ ነው። ይህን የተማርነው ከራሳችን ጥፋት ነው።

በአንድ ወቅት ደንበኛ እየራቀን ሲመጣ ዋጋችንን ከሌሎቹ ጋር አስተካከልን። ወጪያችንን ለመሸፈን በቀን የምንሠራቸውን ቤቶች አበዛን። ለተጨማሪዎቹ ቤቶች የሚሆነውን ሰዓት ያገኘነው ከማለቅለቁ ነበር። ሳሙና ረጭተን፣ አሽተን፣ ማሽኑን አንዴ አሳልፈን እንወጣ ነበር። ምንጣፎቹ የዚያኑ ዕለት ያምሩ ነበር፤ ደንበኞቻችንም አመስግነው ይሸኙን ነበር።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ስልኩ መጮኽ ጀመረ። አንዲት የቆዩ ደንበኛችን «መጥታችሁ እዩት እንጂ በስልክ አይነገርም» አሉንና ሄድን። ከበሩ እስከ ሶፋው ድረስ ያለው መሄጃ ጠቁሮ መንገድ ሠርቷል፤ ከማጠባችን በፊት ከነበረው የባሰ። ተንበርክከን ስንዳስሰው ጣት ላይ ይለጠፋል። ማሽኑን አስገብተን ቅንጣት ሳሙና ሳንጨምር በንጹሕ ሙቅ ውሃ ብቻ አጠብነው። የቆሻሻ ውሃ ማጠራቀሚያው ክዳን ግልጽ ስለሆነ ውስጡ ይታያል፤ ነጭ አረፋ እየደፈቀ እስከ አፉ ሞላ። ያ አረፋ ከሳምንታት በፊት እኛው ትተነው የሄድነው ሳሙና ነበር። እሳቸው አጠገባችን ቆመው አረፋውን እያዩ ምንም አላሉም። እኛም የምንለው አልነበረንም።

የሳሙና አንዱ ጫፍ ውሃን፣ ሌላው ጫፍ ቅባትን ይይዛል፤ ቆሻሻውን ከምንጣፉ አላቆ ከውሃው ጋር የሚያስወጣው በዚህ ነው። ታጥቦ ካልወጣ ግን ምንጣፉ ውስጥ ተቀምጦ ከእግርና ከጫማ የሚመጣውን ቆሻሻ እየያዘ ያስቀራል። «ምንጣፍ አንዴ ከታጠበ ወዲያ ቶሎ ቶሎ ይቆሽሻል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። የሚያቆሽሸው ሳይወጣ የቀረው ሳሙና ነው። ለእሳቸውም ለሌሎቹም በነጻ ደግመን አጠብን፤ ዋጋውንም ወደነበረበት መለስን። ከዚያ ወዲህ ሳሙናው ከተረጨ በኋላ ሥራውን እንዲሠራ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እንጠብቃለን፤ ከዚያ አልካላይኑን በሚያረግብ ለዘብተኛ አሲዳማ ውሃ እናለቀልቃለን፤ የሚመጠጠው ውሃ እስኪጠራ ድረስም አንነሣም። እዚያ ቤት ውስጥ የቆመው ሰዓት ደረሰኛችሁ ላይ የምታዩት ልዩነት ነው።

ከማለቅለቁ በኋላ ውሃ ሳንረጭ ማሽኑን በመምጠጥ ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ እናሳልፋለን፤ ቬንቲሌተርም ይዘን እንመጣለን። በደንብ የተመጠጠ ምንጣፍ እንደ አየሩ ሁኔታ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደርቃል። ረጥቦ የቆየ ምንጣፍ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል፤ ሽታው ከመጣ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ጀርባው ጁት (ጆንያ የሚሠራበት የተክል ክር) የሆነ ምንጣፍ ብዙ ውሃ ከጠጣ ቡናማ ቀለም ከሥሩ ተነሥቶ ጸጉሩ ጫፍ ላይ ይወጣል፣ ሊኮማተርም ይችላል። ጎንበስ ብላችሁ ስትዳስሱት ጸጉሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ አጣቢው ዕቃውን ጠቅልሎ ከወጣ፣ የቀረውን የማድረቅ ሥራ ለእናንተ ትቶላችሁ ሄዷል ማለት ነው።

በርካሽ የሚያጥቡትን ሁሉ በአንድ ዓይን አናያቸውም። ለብቻው የሚሠራ፣ ሠራተኛ የማይቀጥር፣ ሩቅ የማይሄድ ሰው ከእኛ ባነሰ ዋጋ በሥርዓት ሊያጥብ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሰው ካገኛችሁ ያዙት። የምንሰጋላችሁ ከሌላው ዓይነት ነው፤ በስልክ «ለአንድ ክፍል ይህን ያህል» ብሎ እጅግ ዝቅ ያለ ዋጋ ይጠራል፤ ዕቃው ተነሥቶ፣ ምንጣፉ ግማሹ ረጥቦ ሳለ «ቫኪዩሙ ለብቻ ነው፣ ነጠብጣብ ማስለቀቂያው ለብቻ ነው፣ ለደረጃው ይጨመራል» ይላል። በዚያ ሰዓት እምቢ ማለት ይከብዳል። እኛ በክፍል ሳይሆን በካሬ ሜትር የምናስከፍለውም ስለዚህ ነው፤ ክፍል ሰፊም ጠባብም ይሆናል፣ ሜትር ግን እናንተም ልትለኩት ትችላላችሁ። ማንንም ከመቅጠራችሁ በፊት፣ እኛንም ጭምር፣ ቫኪዩም በዋጋው ውስጥ እንዳለ፣ በምን እንደሚያለቀልቁ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩና ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚከፍል ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። «ስንት ሰዓት ትቆያላችሁ?» የሚለውን አጥብቃችሁ ያዙት።

ለእኛ ዋጋ መክፈል የማያስፈልግበት ጊዜም አለ፣ ይህን መሸሸግ አንፈልግም። ዘንድሮ የምትቀይሩት ያረጀ ምንጣፍ፣ በር ላይ የሚነጠፍ ትንሽ ፖሊፕሮፒሊን፣ ቤት ከመልቀቃችሁ በፊት ላይ ላዩን መጽዳት ብቻ የሚበቃው፣ እነዚህን ርካሹ አጣቢ ቢሠራላችሁ ምንም አይቀርባችሁም። ሱፍ፣ በእጅ የተሠራ፣ ልጅ የሚድህበት፣ ወይም ገና ብዙ ዓመት እንዲያገለግላችሁ የምትፈልጉት ከሆነ ግን እባካችሁ አታስነኩት።

ደረሰኙን ዝቅ ለማድረግ እናንተም እኛም የምንችለው ነገር አለ። ከመምጣታችን በፊት ቀላል ቀላሉን ዕቃ ካነሣችሁልን የዕቃ ማንሻውን ጊዜ አናስከፍላችሁም። ሁሉንም ክፍል ማሳጠብ ግዴታ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከአልጋና ከሶፋ ሥር ያለው ንጹሕ ነው፣ መሄጃውን ብቻ እናጥባለን። ከጎረቤታችሁ ጋር ተነጋግራችሁ በአንድ ቀን ከጠራችሁን የመኪናውን ወጪ ለሁለት እናካፍለዋለን። ከሁሉም በላይ በሳምንት አንድ ሁለቴ በቫኪዩም ጽዱት፤ ብዙ ሰው የሚመላለስበትን ቦታ ደግሞ ከዚያም ቶሎ ቶሎ። ብዙ አምራቾች ምንጣፍ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ አንዴ በባለሙያ እንዲታጠብ ይመክራሉ፤ ከዚያ በላይ አዘውትራችሁ እንድትጠሩን አንጠብቅም።

የማንችለውንም አስቀድመን እንንገራችሁ። በረኪና ነክቶት የነጣ ቦታ እጥበት አይመልሰውም። መሄጃው ላይ አሸዋ የቧጨረው ጸጉር ብርሃን እንደ ቀድሞው ስለማይመልስ ንጹሕ ሆኖም ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ይህን ከማጠባችን በፊት አሳይተናችሁ፣ ተስማምታችሁ ነው የምንጀምረው። አንዳንድ ነጠብጣብ ደግሞ በታጠበበት ቀን ጠፍቶ፣ ምንጣፉ ሲደርቅ ከሥር በክሩ ተስቦ ተመልሶ ይወጣል። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ከእጥበቱ ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ከደወላችሁልን መጥተን ያለ ክፍያ እናነሣዋለን። ሲወጣ ስታዩት በቤት ባለ ሳሙና አትሹት፤ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አንጥፉበት፣ ከባድ ነገር ጫኑበትና ደውሉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ምንጣፍ አጣቢዎቻችሁ