ለልጃችን ሐኪሞችና በአካል ለማናውቃቸው ሁሉ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን

ልጃችን የልብ ቀዶ ጥገናውን በሰላም ጨርሶ ቤቱ ገብቷል። እኔና አባቱ ምስጋናችንን በይፋ ልናቀርብ ወደድን።

በወለድኩበት ሌሊት ተረኛ የነበርሽው ሲስተር፣ ሲያለቅስ የሚቀላው ልጅ ዝም ሲል ለምን እንደሚጠቁር ግራ ሲገባን፣ አንቺ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫው ሞከርሽ። በሁለቱም በኩል አላልፍ አለ። ጨቅላ በአብዛኛው የሚተነፍሰው በአፍንጫው ነው፤ የእሱ ግን ከኋላ ተደፍኖ ነበር። በአፉ መተንፈሻ አድርገሽ ለቀዶ ጥገና አደረስሽልን።

ቀዶ ሐኪሞቹ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አብራችሁን ያደራችሁ ነርሶች፣ ክበሩልን።

የጄኔቲክስ ሐኪሟ፣ ለእርስዎ ምስጋናዬ ይረዝማል። ልቡ፣ ዓይኑ፣ ጆሮው፣ አፍንጫው፤ ለእኛ እያንዳንዱ ለየብቻው የወረደ መዓት ነበር። እርስዎ ቻርጅ ሲንድረም የተባለ፣ ብዙ አካልን አብሮ የሚነካ ከውልደት ያለ ሕመም መሆኑን በምርመራ አረጋግጠው፣ የሁሉም ምንጭ ሲኤችዲ7 የተባለ አንድ ፕሮቲን ማነሱ እንደሆነ አስረዱን። በእያንዳንዱ ሴል 2 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዲኤንኤ፣ ክር በማጠንጠኛ እንደሚጠቀለል፣ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሟል። ጠብቆ የተጠመጠመ ጂን በቀላሉ አይነበብም። ሲኤችዲ7 የሴሉን ጉልበት፣ ኤቲፒን፣ እየተጠቀመ ጥምጥሙን ያንሸራትታል፤ ፅንሱ በዚያ ሰዓት የሚፈልገው ጂን ይከፈታል። ልጃችን ሲኤችዲ7ን ከሚያሠራው ጂን ካሉት ሁለት ቅጂዎች አንዱ ተበላሽቷል፤ የቀረው ግማሽ አልበቃም። ልብና ጆሮ አብረው የታመሙት ለዚህ ነው።

ለውጡ እኔም አባቱም ጋ አልተገኘም። «እርጉዝ ሳለሽ ምን ነክቶሽ ነው?» ለሚሉኝ (ጠያቂ መቼ ይጠፋል!) መልስ ሰጡኝ። ለሚቀጥለው እርግዝና ስጋቱ ከ100 1 ወይም 2 መሆኑንም ነገሩን። ጂኑን የሚያስተካክል መድኃኒት እንደሌለ አልደበቁንም፤ ኩላሊቱን፣ መስማቱንና አዋዋጡን ግን ሳንዘገይ እንድናስመረምር አደረጉ።

ይህ ጂን የሲንድረሙ መንስኤ መሆኑ የታወቀው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ናሙና የሰጣችሁ ቤተሰቦች፣ ለራሳችሁ ልጆች ምናልባት የዘገየው መልስ ለእኛ ደርሷል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው፣ መራመድ የዘገየው ሰንፎ ሳይሆን በውስጥ ጆሮው ያሉት የሚዛን ቦዮች በደንብ ስላልተሠሩ ነው ብለህ ስለታገስከው እናመሰግናለን። አንቺም ከሁላችን ቀድመሽ የምልክት ቋንቋ የለመድሽው ታላቅ እህቱ፣ ዛሬ በእጁ የሚሰድብሽ አንቺው ባስተማርሽው ነውና ቻይው።