ጉድጓዱ ሳይደፈን ይታይልን
ግልጽ ደብዳቤ ለደሴ ከተማ አስተዳደር

ለተከበራችሁ የከተማችን ኃላፊዎች፣

የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ደሴ የምኖር የግንባታ ፎርማን ነኝ። ብዙ ሰው የማይወደውን ነገር ልጠይቃችሁ ነው፤ ክፍያ ጨምሩ። አልሚዎችና የቤት ማህበራት መንገድ፣ የውሃ መስመር፣ የጎርፍ መውረጃ፣ የድጋፍ ግንብ ይሠራሉ። ሥራው ሲያልቅ የሕዝብ ይሆናል። ለዚህ ሥራ ቁጥጥር የሚከፈለው ገንዘብ ቁጥጥሩ የሚጠይቀውን ያህል ይሁን።

ለምን ብትሉኝ፣ መሬታችንን እዩት። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ከላይ እየተምዘገዘገ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። የመሬት መንሸራተት ምን እንደሆነ ለደሴ ሰው አይነገረውም። እዚህ የተሰነጠቀ ቦይ የሚያበላሸው መንገድ ብቻ አይደለም። ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። አፈሩን ያከብደዋል፣ ያላላዋል። ከዚያ በታች ደግሞ የሰው ቤት አለ። የድጋፍ ግንብም ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ካልተተወለት ከጀርባው የታቆረው ውሃ ይገፋዋል። ከፊት ለፊት ሲታይ ግን ያማረ ግንብ ነው።

አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሌላ ከተማ ነው፣ ስሙ ይቅር። የውሃ መስመር ዘርግተን ተቆጣጣሪ እንጠብቃለን። በቀጠሮው ቀን አልመጣም፤ መኪና የለም ተባለ። አሠሪያችን ሁለት ቀን ጠበቀና «ድፈኑት» አለ። ቧንቧው በውሃ ግፊት ማፍሰስ አለማፍሰሱ ሳይሞከር ደፈንነው። ሙሌቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር እየተነጠፈ መጠቅጠቅ ነበረበት፤ እኛ ግን በአንዴ ገለበጥነው። ክረምት ሲገባ ኮብልስቶኑ ሰመጠ፣ ቧንቧውም ፈነዳ። ሰፈሩ ያለ ውሃ ሰነበተ። እንደገና ሲቆፈር እዚያው ነበርኩ። እናቶች ጄሪካን ተሸክመው በአጠገቤ ሲያልፉ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ያን ቀን የጎደለው የነዳጅና የመኪና ገንዘብ ነበር። አንድ ቦይ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መታየት አለበት፦ መሠረቱ ሲቆፈር፣ ብረቱ ታስሮ ኮንክሪት ሳይሞላ፣ በመጨረሻም አፈር ሳይመለስበት። የኮንክሪት ናሙናም በ7 እና በ28 ቀኑ ላብራቶሪ ገብቶ ጥንካሬው ይለካል። ይህ ሁሉ ወጪ ነው። የሚያስገነባው ካልከፈለ ወይ ከሁላችን ግብር ይወጣል፣ ወይ ቁጥጥሩ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ግን አደራ፣ ጭማሪው በጅምላ አይሁን። ከደመወዙ ቆጥቦ ቤት የሚሠራ የመምህራን ማህበርና ትልቅ አልሚ እኩል አይጠየቁ። ክፍያው በመስመሩ ርዝመትና በጉብኝቱ ብዛት ይተመን። ሥራው ተበላሽቶ በድጋሚ መታየት ካለበት ኮንትራክተሩ ከኪሱ ይክፈል፤ ወጪውን ወደ ማህበሩ እንዳያዞረው። የተሰበሰበውም ለተቆጣጣሪ፣ ለነዳጅና ለሙከራ ብቻ ይዋል።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። የከፈለ ሰው ቀጠሮው ይከበርለት። ተጠርቶ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ተቆጣጣሪ ካልመጣ የዚያ ጉብኝት ክፍያ ይመለስለት፤ ጉድጓዱ ግን ሳይታይ አይደፈን። የሙከራው ውጤትም በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። በግንቡ ሥር የምንኖረው እኛ ነን፣ ማወቅ እንፈልጋለን።

አዲሱ ተመን ከመጽደቁ በፊት ነዋሪውን፣ ማህበራቱንና እኛን የግንባታ ሠራተኞችን ጠርታችሁ አነጋግሩን። እኔ በጠራችሁኝ ቀን እመጣለሁ።

አክባሪያችሁ
የደሴ ነዋሪ