መስፋትና መስፋት ለየቅል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን ባወጣችሁት የሞተር ሳይክል ጥገና ምክር ውስጥ አንዲት መስመር እንቅልፍ ነሳችኝ። ሲሊንደሩ ከሰፋ የቴስታታው (የሲሊንደሩ የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሁለቱ መሐል ገብቶ ጋዝ እንዳያፈተልክ የሚዘጋው ስስ ማሸጊያ፣ በሞረድ ተሞርዶ ልክ ይሆናል ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ምን ዓይነት ጓርኒሲዮን? በስንት ሚሊ? የትኛው ጠርዝ? አንዱም አልተጻፈም።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ። ሞተሬን ግን ራሴ ነኝ የምፈታት። ይህንን ምክር ደግሞ እናንተ ሳትጽፉት በፊት በገዛ እጄ ሞክሬ ተቃጥዬበታለሁ። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ሞተሬ ሲጂ 125 ናት። የሲሊንደሯ ስፋት 56.5 ሚሊ ነው፤ ፒስቶኗ 49.5 ሚሊ ይመላለሳል። ሲሰላ 124 ሲሲ ይመጣል። ጭስ አበዛችና ከፈትኳት። የሲሊንደሩ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተጭሯል። ለቶርኖ ባለሙያ ሰጥቼ በ1 ሚሊ አሰፋኋት፤ 57.5 ሆነች። ፒስቶንና ፋሻም (የፒስቶኑን ቀለበቶች) በዚያው ልክ አመጣሁ። 128.5 ሲሲ ገደማ ደረሰች ማለት ነው። ጭማሪው አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፤ እኔ ግን ትልቅ ሞተር የገዛሁ ያህል ተኩራርቻለሁ።

ችግሩ ጓርኒሲዮኑ ላይ መጣ። ያገኘሁት ለመደበኛው ስፋት የተሠራ ነው። ቀዳዳውን በካሊፐር ስለካው 57.2 አለኝ። ስለዚህ ዙሪያውን 0.15 ሚሊ ያህል ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ብቅ ይላል። የሁለት ፀጉር ውፍረት ቢሆን ነው። ትቼው ልግጠም ብዬ ነበር፤ እሱም አያዋጣም። ወደ ውስጥ የወጣው ጠርዝ ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት ብረት አይነካም። ስለዚህ ይግላል፣ ይፈማል። ከዚያ ካንዴላው ሳይተኩስ በፊት ነዳጁን ይለኩሰዋል። ፒስቶን የሚበሳው እንዲህ ባለ ነገር ነው።

እናም ግማሽ ክብ ሞረዴን አነሳሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሞረድኩ። የኔ ጓርኒሲዮን መሐሉ ግራጫና ለስላሳ ነው፤ የቀዳዳው ዙሪያ ደግሞ በስስ ብረት ታጥፎ ተጠቅልሏል። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ይህ እኮ ቅምቅማት ነው! ዕድሜዬን ሙሉ ሱሪ ስቀመቅም የኖርኩ ሰው ቅምቅማቱ ከተቆረጠ ጨርቁ እንደሚተረተር እንዴት ጠፋኝ? ብረቱ በአንድ በኩል ሲከፈት በመዶሻ ቀጥቅጬ አስተኛሁት። ሥራዬን አድንቄ ዘጋሁት።

አሥራ አንድ ቀን ሠራች። በአሥራ ሁለተኛው ዳገት ላይ ቴስታታው ሥር ትስ ትስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የሳሙና ውኃ ቀባሁበት፤ አረፋ ደፈቀ። ፈትቼ ሳየው እኔ የሞረድኩት ቦታ የጣት ስፋት ያህል ተበልቶ ነዶ፣ ጥቁር መስመር እስከ ቡሎኑ ቀዳዳ ድረስ ሄዷል። ቴስታታው አልተጎዳም፤ ዕድለኛ ነኝ። ትንሽ ብቆይ ያ የሚያፈተልክ እሳት አሉሚኒየሙንም ይቦረቡረው ነበር።

የተበላውን ይዤ ወደ ቶርኖ ባለሙያው ሄድኩ። አገላብጦ አየውና "ጋሼ፣ ይሄን ጨርቅ መሰለዎት እንዴ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ ያቺ መስመር ብትታረም እንዲህ ትሁን እላለሁ። መጀመሪያ መለካት። ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ የጓርኒሲዮኑን ቀዳዳ ለመጨረሻው የጥገና ልክ እንዲበቃ አስፍተው ነው የሚሠሩት፤ ጭራሽ መንካት ላያስፈልግ ይችላል። ሲለካ በዓይን ግምት አይሁን። የቡሎኖቹ ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ ጓርኒሲዮኑ ወዲያ ወዲህ ይላል። ቴስታታውን ቦታው ላይ የሚያስይዙት ሁለት አጫጭር ቱቦዎች ላይ ተቀምጦ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ከሥር በጥፍር ዙሪያውን ይዳሰስ። ቀዳዳው ከሲሊንደሩ በግማሽ ወይም በ1 ሚሊ ከበለጠ ሳይነካ እንዳለ ይግባ። በብረት የተቀመቀመ ከሆነና ከጠበበ አይሞረድም፣ ሌላ ይፈለግለታል። ከስስ ብረቶች የተደራረበውም ቢሆን በቀዳዳው ዙሪያ ከፍ ያለች መስመር አለችው። ጋዙን የምትዘጋው እሷ ናት፤ ሞረድ እሷ ጋ ከደረሰ አለቀ።

ልክ የሚሆን ከጠፋ መዳብ አለ። እኔ ያደረግኩት እሱን ነው። አሮጌውን ጓርኒሲዮን እንደ ልብስ ሞዴል መዳቡ ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን ጫርኩ። ይሄ እንኳ የሙያዬ ነው፣ እጄ አልተንቀጠቀጠም። የመሐሉን ቀዳዳ በሁለት ጣውላ መሐል አጥብቆ 58.5 አድርጎ የቆረጠልኝ ያው ባለሙያ ነው። ጠርዙን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ከዚያ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግዬ ውኃ ውስጥ ከተትኩት። ብረት እንዲህ ሲደረግ ይጠነክራል፣ መዳብ ግን ይለሰልሳል። እስካሁን ይገርመኛል።

ሌላ ስህተት ግን ሠራሁ። መዳቡ 1 ሚሊ ነበር፤ የድሮው ሲጨመቅ ግማሽ ሚሊ ነው። የሞተሬ የመጭመቅ ልክ (ፒስቶኑ ጋዙን ስንት እጥፍ እንደሚያምቀው) ከፋብሪካ 9 ለ1 ነው፤ ስትሰፋ ወደ 9.3 ከፍ ብሎ ነበር። ያ የተረፈው ግማሽ ሚሊ ወደ 8.6 አወረደው። ዳገት ላይ ተኛችብኝ። ግማሽ ሚሊ መዳብ ፈልጌ እንደገና ቆረጥኩ። ውፍረት ሲለወጥ የቫልቮቹም ክፍተት ይለወጣል፣ እንደገና መስተካከል አለበት። ሰንሰለት ባላቸው ሞተሮች ላይ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ በወፈረ ቁጥር ቫልቮቹ የሚከፈቱበት ጊዜ ይዘገያል። መዳብ ዘይት በመያዝ ብዙም ጎበዝ ስላልሆነ በዘይት መተላለፊያው ዙሪያ ሙቀት የሚችል ማሸጊያ በስሱ ቀብቻለሁ። ዳዶዎቹን በመስቀለኛ፣ በየደረጃው አጠበቅኩ። ሞቃ ከቀዘቀዘች በኋላ ደገምኳቸው።

እርማቱን በዚያችው ዓምድ፣ በዚያው መጠን ፊደል ብታወጡት ደስ ይለኛል። የተበላው ጓርኒሲዮን መቀሴ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ለፎቶግራፍ ከፈለጋችሁ አውሳችኋለሁ።

ልብስ ሰፊው አንባቢያችሁ