ይድረስ ለአባቴ፦ በዓሣ ነባሪ ጥርስ ላይ ስለሚቀረጸው ሥዕል

ይድረስ ለተከበሩት ውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ማሳቹሴትስ ውስጥ የሚገኘውን የኒው ቤድፎርድ የዓሣ ነባሪ አደን ሙዚየም እንዳየሁ ስነግርዎ፣ «መርከበኛ ምን መሣሪያ ኖሮት ነው ጥርስ የሚቀርጸው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ዕድሜውን እንጨት ሲቀርጽ ለኖረ ሰው በስልክ የሚመለስ ስላልሆነ ጽፌልዎታለሁ።

ስክሪምሾው የሚባለው ይህ ጥበብ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኒው ቤድፎርድና ከናንቱኬት ደሴት ተነሥተው፣ ለመብራት የሚሆነውን የዓሣ ነባሪ ዘይት ፍለጋ እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ ሦስትና አራት ዓመት የሚንከራተቱ መርከበኞች ሥራ ነው። አደኑ በጠፋ ጊዜ ሥራ ፈት ሳምንታት ይከታተላሉ፤ ጥርስና አጥንት ደግሞ በእጃቸው ነበር።

ስፐርም የሚባለው ዓሣ ነባሪ ጥርሶቹ በታችኛው መንጋጋው የተደረደሩ ሲሆኑ፣ ላያቸው ሸካራና ሸንተረራማ ነው። መርከበኛው በሞረድ ይሞርደዋል፣ በቢላዋ ይፍቀዋል፣ በሻርክ ቆዳ አሽቶ እስኪያበራ ያለሰልሰዋል። ከዚያ በኋላ በሰንጢ ጫፍ ወይም በሸራ መስፊያ መርፌ ይጭራል፤ ሥዕል የማይሆንለት ከመጽሔት የተቆረጠ ሥዕል ለጥፎ መስመሩን በነጥብ ይወጋና ነጥቦቹን ያገናኛል። መጨረሻ ላይ ጥላሸት ወይም ቀለም ቀብቶ ሲወለውለው ጥቁሩ በተጫረው ውስጥ ብቻ ይቀራል። ማለስለሱ ከጎደለ ግን ቀለሙ በየሸካራው ገብቶ ሥዕሉን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ እኔ ከሥዕሉ ይልቅ ያደነቅሁት ማለስለሱን ነው።

አብዛኞቹ ስማቸውን አልጻፉም። የናንቱኬቱ ፍሬድሪክ ማይሪክ ግን «ሱዛን» በተባለችው መርከብ ላይ ሳለ በ1828 እና በ1829 እ.ኤ.አ. በቀረጻቸው ጥርሶች ላይ ስሙንና ቀኑን አኑሯል። ለዓሣ ነባሪ ገዳዮቹ ረጅም ዕድሜ፣ ለመርከበኞች ሚስቶችም መልካሙን የሚመኝ ግጥም ጨምሮበታል፤ ከኛ አዳኝ ፉከራ ብዙም አይርቅም።

እርስዎን ይበልጥ የሚያስደስትዎ ግን ለሚስትና ለእናት የተሠራው የቤት ዕቃ ይመስለኛል፦ የሊጥ ጠርዝ መቁረጫ ጥርሳም ተሽከርካሪ፣ እንዲሁም ከብዙ ስስ የአጥንት ስንጥሮች ተገጣጥሞ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋና የሚታጠፍ የክር ማጠንጠኛ።

አንድ ልግዛልዎ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ከ1972ቱ የአሜሪካ የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ ወዲህ ንግዱ ጥብቅ ገደብ አለበት፣ በርካሽ የሚሸጠውም ብዙው በቅርጽ የፈሰሰ ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ የማጠንጠኛውን ፎቶግራፍ ልኬልዎታለሁ፤ ስንጥሮቹ የተያያዙበትን መንገድ ተመልክተው ከእንጨት ይሠራ እንደሆነ ይጻፉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ