የጀበናው ማቶት

ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የእናትሽ ስኳር ወርዷል። ድሬም እንደ ዓመሉ ታኅሣሥ ሲገባ ለሰው ተመችቷል፤ ማታ ማታ ደጅ ወጥተን እንቀመጣለን። ይህን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። በስልክ ስቆጣ ግን «እሺ አባዬ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ፤ ወረቀት አይዘጋም።

እህትሽ የመኪናሽን ፎቶ አሳየችኝ። አምራለች፣ አልዋሽሽም። ሞላውን አስወርደሽ ጎማውን ከፓራፋንጎው ጋር ስታስተካክዪው ያቺ ያረጀች ኮሮላ ሌላ መኪና መስላለች። ቀጥሎ ያለው ፎቶ ግን የኋላው ጎማ ወልቆ የተነሣ ነው። ስፔሰሩ፣ ጎማውን ወደ ውጭ የሚገፋው ክብ ብረት፣ ጎማው ከሚታሰርበት ከሞዞው ላይ ተቀምጧል፤ ከእርሱ በላይ ብቅ ያለችውን የቡሎን ጫፍ በስልኩ መስታወት ላይ በጥፍሬ ለካኋት። እህትሽ ምን እንደማይ ስላልገባት «ረጅሙ ቡሎን ከዱባይ እስኪመጣ ለጊዜው በአጭሩ ነው የምትነዳው» አለችኝ። እራቴን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን መኪናዋን አቁሚያት። በክሪክ አንሺና የኋላውን ዳዶ ፍቺ። ከላላበት ጀምሮ እስኪወልቅ ድረስ በጣትሽ እያዞርሽ ዙሩን ቁጠሪ። የአንቺ ቡሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዳዶው በአንድ ዙር የሚሄደው አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። ዳዶ ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል ጥርስ መያዝ አለበት፤ ይህም ስምንት ዙር ማለት ነው። 15 ሚሊ ሜትር ስፔሰር በመካከል ስታስገቢ አሥር ዙር ሰርቀሽዋል። ምን ያህል እንደተረፈው እኔ ከፎቶ ገምቻለሁ፤ አንቺ ግን በጣትሽ ቁጠሪው።

ስፔሰር የሚባለውን ነገር ጠልቼ አይደለም። ሽማግሌ ሁሉ አዲስ ነገር ይፈራል እንዳትዪኝ። በወጉ ከተሠራ ይሠራል። በወጉ ማለት መሐሉ ከሞዞው አንገት ጋር ገጥሞ ሲቀመጥ ነው፤ የቶዮታሽ አንገት 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፣ እዚያች ነጥብ አንድ ላይ ቀልድ የለም። ፊቱ ዝገትና ቀለም የሌለበት መሆን አለበት። ሁለት ስፔሰር አይደራረብም፣ ሮንዴላም ስፔሰር አይሆንም። አብዛኛው ሰው ጎማውን የሚሸከመው ቡሎኑ ይመስለዋል። ጎማውን የሚይዘው መጨመቁ ነው፤ ዳዶው ቡሎኑን እንደ ክራር ጅማት ይወጥረዋል፣ ውጥረቱም ቸርኬውን ከሞዞው ጋር ያጣብቀዋል። መጨመቁ ሲላላ ጎማው በእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል፤ ቡሎኑም ወዲህና ወዲያ እንደሚታጠፍ ሽቦ ይደክማል። የደከመ ሽቦ ምን እንደሚሆን በልጅነትሽ ከእኔ ጋር ጓሮ ስትቀመጪ አይተሻል። መብራት ያዥልኝ ስልሽ ብርሃኑን ሁልጊዜ ፊቴ ላይ ነበር የምታበሪው።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ።

አጎትሽ እግሩን የተሰበረው ከሐረር ወደ ድሬ በሚያወርደው በደንገጎ ቁልቁለት ላይ ጉድጓድ ገብቶ እንደሆነ ነው የምታውቂው። አያትሽም እንደዚያ አውቃ ሞተች፤ እናትሽም እስከ ዛሬ የምታውቀው ያንኑ ነው። 1986 ዓ.ም. ነበር። እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ ሰፋፊ ቸርኬ ገዛና ለአሮጌዋ ቶዮታው ሊያስር ሲል ወደ ውስጥ እየገባ ከሞላው ጋር ተነካካበት። ወንድሜ የቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ሠራተኛ ነው ብሎ ወደ እኔ መጣ። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ ከአሉሚኒየም ሁለት ክብ ቆርጬ 15 ሚሊ ሜትር አድርጌ አወጣሁለት። የባቡር ጎማ በመቶኛ ሚሊ ሜትር እየለካሁ የምውል ሰው የወንድሜን በዓይን ግምት ሠራሁት። መሐሉን አሰፋሁት፤ ቀዳዳዎቹንም ለማስገባት እንዲመች ትንሽ ለቀቅ አደረግኳቸው። ስናስረው ዳዶው አራት ዙር ያዘ። ቆጥሬዋለሁ። አጎትሽ «ይበቃል?» አለኝ። «ለጊዜው ይበቃል» አልኩት።

ሦስት ሳምንት ነዳት። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መጥቶ «ቀስ ብዬ ስሄድ ከኋላ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ አለ፣ እስቲ ስማው» አለኝ። ድሬ በግንቦት ቀትር ምን እንደምትመስል ታውቂያለሽ። ጋደም ብዬ ነበር። ነገ እናየዋለን ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እኔ፣ ጣቢያ ላይ የባቡር ጎማ በመዶሻ ሲመታ ድምፁን ሰምቼ ጤነኛውን ከተሰነጠቀው የምለይ ሰው።

በማግስቱ ከሐረር ሲመለስ ደንገጎን እየወረደ ሳለ አንድ ጎማ በግራ በኩል ቀደመው። የማን ምስኪን ጎማ ነው ብሎ ሳቀ፤ ራሱ ነው የነገረኝ። ከዚያ መኪናዋ ከኋላ ቁጭ አለች። ወደ ተራራው በኩል ዞራ ተጋጨች። ወደ ሌላኛው በኩል ብትዞር ኖሮ ይህን የምጽፍበት አንጀት አይኖረኝም ነበር።

ሆስፒታል ስደርስ ከእናቴ ፊት ቀድሞኝ «ጉድጓድ ነው» አለ። ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ እስከ ዛሬ ጉድጓድ ነው እንዳለ ነው። ሁለት ጊዜ ላነሣበት ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ «ቡና ይቀዳ» ብሎ አቋርጦኛል።

መኪናዋን ሳነሣ ያንን ክብ ብረት ይዤ ወደ ቤት ገባሁ፤ ልጥለው ነበር። እናትሽ ያኔ ሙሽራ ናት፤ ከእጄ ተቀብላ አገላበጠችውና «ለጀበና ማቶት ይሆናል» አለች። አዎ፣ እርሱ ነው። አንቺ ትንሽ ሳለሽ ጣትሽን በቀዳዳዎቹ እየከተትሽ «አባዬ፣ ለምን ክብ አይደሉም?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር፤ እኔም ማሽኑ አርጅቶ ነው አልኩሽ። ማሽኑ አላረጀም ነበር። በሦስት ሳምንት መንሸራተት ነው ሞላላ የሆኑት።

እናም ዙሩን ቁጠሪ።

ረጅሙ ቡሎን ሲመጣ ራስሽ አትግጠሚው፣ ለማንም ጎሚስታም አትስጪው። ከጀርባ በኩል የሚነክሰው ጥርስ ውፍረቱ ከድሮው ጋር እኩል መሆኑን በካሊፐር ለኪ፤ ከቀጠነ ዳዶውን ስታጠብቂ አብሮ ይዞራል። በመዶሻ የሚያስገባ ሰው ካየሽ ቁልፍሽን ተቀብለሽ ሂጂ፤ ኩሽኔታውን ይገድልብሻል። በፕረስ ይግባ። ዳዶውም ጫፉ ክፍት የሆነ ይሁን፤ የተደፈነ ዳዶ ረጅም ቡሎን ላይ ከጫፉ ጋር ተጋጭቶ ይቆምና ጎማውን ሳይጨምቅ የጠበቀ ይመስልሻል። ጥርሱን ቅባት አትቀቢ። በሰያፍ አጥብቂ፣ ጎን ለጎን አይደለም። ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ቁልፉ ግማሽ ሜትር ከሆነ ጫፉ ላይ 21 ኪሎ እንደ ማንጠልጠል ማለት ነው፤ በእግር መቆም ቡሎኑን ማርዘም ነው። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይጠበቃል፤ ከሐረር ድሬ አንዴ ስትወርጂ ያን ያህል ሄደሻል።

ለታኅሣሥ 19 እናትሽንና አክስቶችሽን ይዤ ቁልቢ እወጣለሁ ማለትሽን ሰምቻለሁ። በዚህች መኪና አትወስጃቸውም። ሦስት ሴቶች ከኋላ ተቀምጠው፣ የጠበል ጀሪካን ተጭኖ፣ በወረደ ሞላ ላይ ፓራፋንጎው ጎማውን መብላቱ አይቀርም፤ እርሱ እንኳ ቢቀር ደንገጎ አለ። እናትሽ ስለት እንዳለባት አውቃለሁ። የገብርኤል ስለት በሚኒባስም ይደርሳል።

አልጨከንኩብሽም። ገንዘቡ ያንቺ ነው፣ መኪናዋም ያንቺ ናት። ረጅሙ ቡሎን መጥቶ አብረን ጓሮ ስናስረው ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ እንዲያይልሽ አደርጋለሁ፤ ኃይል የሚለካውን ቁልፍ የሚያውሰኝ የድሮ ባልደረባ አለኝ። መብራቱን ግን አሁንም አንቺ ነሽ የምትይዢው።

ለእናትሽ ሐልዋ እንዳታመጪ፤ ለእኔ ግማሽ ኪሎ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ እርሷ ሳታይ።

አሁኑኑ ስፔሰሮቹን አውጪና ጎማውን በቀጥታ ከሞዞው ጋር እሰሪ። አራቱም ጎማዎች ላይ ያሉትን አሥራ ስድስቱንም ዳዶዎች አንድ በአንድ ፍቺና ዙራቸውን ቁጠሪ። ከዚያ በስልክ ላኪልኝ፤ ቁጥሩን ብቻ።

አባትሽ