ምሳ እቃችንን ይዘን እንግባ

ይድረስ የከተማችንን ፓርኮችና መዝናኛ ቦታዎች ለምታስተዳድሩ ኃላፊዎች

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የምኖር የሶስት ልጆች እናት ነኝ። ማመልከቻ ቢሆን "ጉዳዩ፦" ብዬ እጀምር ነበር፣ ግን ጉዳዬ ሽሮ ፍትፍት ስለሆነ እንደዛ ብዬ ብጽፍ ራሴም እስቃለሁ፣ ስለዚህ እንደመጣልኝ ልጻፈው።

መጀመሪያ ምስጋናውን። እውነት ለመናገር አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ይዞ የሚወጣበት ቦታ እኛ ልጅ ሆነን ከነበረው ጋር አይገናኝም። ያኔ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ነበር፣ አንበሳውን አይተን ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን፣ በቃ ዓመቱን ሙሉ እሱን ስናወራ ነው። አሁን ግን ሰው በአጥር በኩል ብቻ ያየው የነበረው የምኒልክ ግቢ በ2012 አንድነት ፓርክ ሆኖ ተከፈተ፣ በ2013 እንጦጦ ፓርክ፣ ከዛ ሳይንስ ሙዚየም፣ በ2016 ደግሞ ፒያሳ ላይ የዓድዋው። ብሔራዊ ሙዚየምም ወስጃቸዋለሁ። ትንሹ ልጄ ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው ስለው ምንም አልመሰለውም፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ነው ስለው ግን "እንዴ እኔ እበልጣታለሁ!" ብሎ ጀርባውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ካልተለካሁ አለ፣ እስከ ማታም ያገኘውን ሁሉ "ከድንቅነሽ እበልጣለሁ" ሲል ዋለ።

ቦታዎቹ አሉ ማለት ነው። እኛ ግን ዳር ነን። ከቤቴ ተነስቼ እንጦጦ ልሂድ ብል ከአባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ፣ አራት ታክሲ ነው። ያውም መገናኛ ላይ ሰልፍ ከሌለ። ረዳቱ ደግሞ ትንሹን "እቀፊው" ይለኛል፣ ከድንቅነሽ የሚበልጥ ልጅ እንዴት ነው የሚታቀፈው? ካልታቀፈ ይከፈልበታል። እናቴ ስትጨመር አምስት ሰው፣ ደርሶ መልስ ሲባዛ፣ እኛ ገና ትኬት ሳንቆርጥ ብሩ አልቋል። ለዚህ ነው ምሳ ከቤት የምንይዘው፣ ለቁጠባ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ ግን፣ ወደሱ እመጣለሁ።

ሁዳዴ ላይ አንድ እሁድ ነበር። እናቴ ከክፍለ ሀገር መጥታ "ያን በቴሌቪዥን የሚያሳዩትን ቦታ አሳዪኝ" ብላኝ ልጆቹን ይዘን ወጣን። ከተማ ውስጥ ካሉት አንዱ ነው፣ የቱ እንደሆነ አልናገርም፣ ሰው ማስወቀስ አልፈልግም። እናቴ ሌሊት ተነስታ ሽሮ ፍትፍት ፈትፍታ፣ ድንች በካሮት ሰርታ፣ ምሳ እቃውን በነጠላ ቋጥራ፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ ቆሎ በፌስታል ይዛለች። በር ላይ ፍተሻ ሲደርስ ጥበቃው ቦርሳውን ከፍቶ "ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው" አለ። ለመንኩት። "እህቴ እኔ ታዝዤ ነው፣ ውስጥ ካፌ አለ" አለኝ፣ ሰውየው ትሁት ነው ምንም አይወጣለትም፣ ግን ከኋላው ጥበቃ ቤቱ ምስማር ላይ የራሱ ምሳ እቃ ተንጠልጥሏል። እናቴ አየችው፣ "እሱስ የሚበላው የካፌውን ነው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

ማስቀመጫ ቦታ የለም፣ መጣል ነውር ነው፣ ስለዚህ በሩ አጠገብ እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተደርድረን ተቀምጠን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ምሳችንን በላን። ትልቋ ልጄ አስራ ሶስት ዓመቷ ነው፣ የክፍሏ ልጆች ቢያልፉስ ብላ ፊቷን በሹራቧ ኮፍያ ሸፍና አንድም ሳትጎርስ ቀረች። ከዛ ገባን። ስምንት ሰዓት ላይ ልጆቹ ሲርባቸው ካፌ ሄድን፣ በርገርና ፒዛ ነው፣ የጾም ያለው ችፕስ ብቻ ነው ተባለ። እናቴ ውሃ ጠጥታ "ጥሩ ነው፣ አበባው ያምራል" እያለች ዋለች።

ክልክል የሆነበት ምክንያት ቆሻሻ ነው ይባላል። እውነት አለው፣ እኛም አገር ሃይላንዱን እየጠጣ በመስኮት የሚወረውር ሰው ሞልቷል፣ እኔም አይቼ ተናድጄ አውቃለሁ። ግን ፌስታልና ሃይላንድ ነው የሚያቆሽሸው፣ ምሳ እቃማ ታጥቦ ወደ ቤት ነው የሚመለሰው። እንጦጦን እዩት እስቲ፣ ፓርክ ከመሆኑ በፊትም ሰው ጸበል ሲወጣ በሶውንና ቆሎውን ይዞ ነበር የሚወጣው፣ ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ ባዶ እጁን የሚሄድ ማን አለ? እኛ ስንወጣ አብረን ካልበላን የወጣን አይመስለንም፣ መጎራረሱ ነው መዝናናቱ፣ ዛፉ ጥላ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከፓርኩ አንድ ጥግ ለይታችሁ ዛፍ ስር ጥቂት የድንጋይ መቀመጫ፣ የእጅ መታጠቢያና የቆሻሻ መጣያ አድርጉና ከቤት ምግብ የያዘ እዛ ይብላ። ሰው ያቆሽሻል ብላችሁ ከፈራችሁ ሲገባ ለፌስታሉ መያዣ ብር አስይዙት፣ ሲወጣ ቆሻሻውን አሳይቶ ብሩን ይውሰድ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ስንወስድ እናስይዝ የለም እንዴ? ካፌዎቹም አይከስሩም፣ ቡናውን ከነሱ እንጠጣለን፣ ግን በእግዜር የጾም ምግብ ይኑራቸው።

ሌላው አውቶቡስ ነው። እሁድ እሁድ ጠዋት ዳር ካሉት ሳይቶች፣ ከአባዶም ከአራብሳም ከቱሉ ዲምቱም፣ ቀጥታ ወደ አራት ኪሎና እንጦጦ የሚሄድ፣ ማታ አስራ አንድ ሰዓት ላይ የሚመልስ አንድ አንድ ባስ ቢመደብ ሞልቶ ነው የሚሄደው። ይሄ በእናንተ በኩል ብቻ እንደማያልቅ አውቃለሁ፣ የትራንስፖርቶቹንም ሰዎች አነጋግሩልን። እስከዛው የኛ ብሎክ ልጆች ፓርኪንግ ውስጥ ኳስ ይጫወታሉ፣ ባለፈው የአንዱን ጎረቤት ስፖኪዮ ሰብረው አዋጥተን ከፍለናል።

እናቴ ለእንቁጣጣሽ ትመጣለች። ልጆቹ ከወዲሁ "እንደገና እንሂድ" ብለው ይዘውኛል፣ ትልቋ እንኳን በር ላይ የማንበላ ከሆነ እመጣለሁ ብላለች። ሌላው ጊዜ ይፈጅ ይሆናል፣ ይገባኛል፣ እስከ መስከረም ግን አንዱን ብቻ አሳውቁኝ፦ ምሳ እቃውን ልያዝ ወይስ ልተወው?

የሶስት ልጆች እናት፣ ከየካ አባዶ